የቤት የግፊት መለኪያ ለቫስኩላይትስ ሕመምተኛ፦ የትኛው ይገዛ፣ የትኛው ክንድ ይታመን

ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ወይም ኮዬ ፈጬ ሆኖ ቫስኩላይትስ የሚታከም ሰው መሐል ከተማ ካለው ሐኪሙ ጋር የሚገናኘው ብዙውን ጊዜ በወራት ልዩነት ነው። በመካከል ያለውን ጊዜ የምትጠብቀው ቤት ያለችው የግፊት መለኪያ ናት። ታዲያ እነዚህ መሣሪያዎች ታስበው የተሠሩት ደም ሥሩ ደህና ለሆነ ሰው ነው። ቫስኩላይትስ ደግሞ የደም ሥር ግድግዳ የሚቆጣበት፣ የሚያብጥበትና የሚጠብበት ሕመም በመሆኑ፣ ማሰሪያው የሚጠመጠምበት ክንድ ራሱ የታመመው ቦታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እዚህ ላይ መሣሪያውንም ክንዱንም አብረን እንገመግማለን።

በየመድኃኒት ቤቱና በየሕክምና ዕቃ መሸጫው የሚገኘው ሦስት ዓይነት ነው፦ ክንድ ላይ የሚታሰረው አውቶማቲክ፣ እጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ትንሹ፣ እና በእጅ እየተነፋ በማዳመጫ የሚለካው ባለ ሰዓት። ብያኔያችንን ከወዲሁ እንናገር። ለየዕለቱ የክንዱ አውቶማቲክ ይገዛ። በእጅ የሚነፋው ማዳመጥ የሠለጠነ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ብቻ ይገዛ፤ ከሌለ ጤና ጣቢያ ያለው ለማመሳከሪያ ይበቃል። የእጅ አንጓው ይቅር።

የእጅ አንጓው ለምን ይቅር?

ትንሽ ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ እጅጌ መጠቅለል አያስፈልገውም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድም ብዙ ጊዜ የሚይዘው እሱን ነው። ነገር ግን አንጓ ከልብ ሩቅ ነው። ከትከሻ እስከ መዳፍ ባለው መንገድ ደም ሥሩ የትም ይጥበብ የት፣ ትርታው አንጓ ላይ የሚደርሰው ተዳክሞ ነው። በዚያ ላይ እጅ ከልብ ትይዩ 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ሲል ንባቡ በ8 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይጨምራል፤ ያንኑ ያህል ከፍ ሲል ይቀንሳል። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ የለካ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲለካ ሌላ ቁጥር ያገኛል፤ ልዩነቱ መድኃኒት ለማስቀየር ይበቃል። ብርድ ሲነካቸው ጣታቸው የሚገረጣና የሚደነዝዝባቸው ሰዎች ላይማ ጠዋት ጠዋት ጭራሽ ላያነብ ይችላል።

የክንዱ አውቶማቲክ

ይህ መሣሪያ ድምፅ አያዳምጥም። ማሰሪያው ተነፍቶ አየሩ ቀስ እያለ ሲለቀቅ የደም ሥሩ ትርታ በውስጡ ያለውን አየር ያወዛውዛል፤ የሚይዘው ያንን ውዝዋዜ ነው። ውዝዋዜው በጣም የበረታበትን ነጥብ አማካይ ግፊት አድርጎ ይወስድና፣ የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር አምራቹ ባስቀመጠለት ቀመር ያሰላቸዋል። ከክንዱ በላይ የጠበበ ደም ሥር ካለ ትርታው ዘግይቶና ደክሞ ይደርሳል፤ ቀመሩ ግን የጤነኛ ትርታ ቀመር ነው። ያኔ መሣሪያው ወይ የስህተት ምልክት ያወጣል፣ ወይ ምንም ጉድለት የሌለው የሚመስል ቁጥር ይሰጣል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ስህተት መሆኑን የሚናገር ነገር የለውምና።

ስትገዙ የታወቀ ስም ብቻ አይታችሁ አትውሰዱ። አይ.ኤስ.ኦ. 81060-2 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት አንድ ሞዴል ቢያንስ 85 ሰዎች ላይ ተፈትሾ አማካይ ስህተቱ ከ5 ነጥብ (ሚሊሜትር ሜርኩሪ) እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ፈተናውን ያለፉትን ስትራይድ ቢፒ የተባለው ድረ ገጽ በሞዴል ቁጥር ይዘረዝራቸዋል። ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር እዚያው ሱቁ ውስጥ በስልክ አመሳክሩ። ማለፉ መሣሪያው ደህና መሆኑን ይናገራል፤ የጠበበ ደም ሥር ባለበት ክንድ ላይ ትክክል ይነግራል ማለት ግን አይደለም።

ከመሣሪያው በላይ ስህተት የሚያመጣው ማሰሪያው ነው። ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከ22 እስከ 32 ሳንቲሜትር ለሚሆን ክንድ ነው፤ አንዳንዱ እስከ 42 ይደርሳል። የልብስ ሰፊ ሜትር ወስዳችሁ ከትከሻ ጫፍና ከክርን እኩል መሐል ላይ የክንዳችሁን ዙሪያ ለኩ፤ ከዚያ ማሰሪያው ላይ ከታተመው ቁጥር ጋር አስተያዩ። ጠባብ ማሰሪያ ግፊትን ከፍ አድርጎ፣ ሰፊው ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ቁጣውን የሚያበርደውን ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ክንዱ አንድ ዓይነት ሆኖ አይቆይም፦ በመጀመሪያዎቹ ወራት ውፍረት ይመጣል፣ ጊዜው ሲረዝም ደግሞ ጡንቻው ይሳሳል። ስለዚህ ሜትሩን በየሦስት ወሩ መልሱት። ሻጩ ትልቁን ማሰሪያ ለብቻው መሸጡን ሳትጠይቁ አትውጡ፤ ያልመጣለትን ሞዴል መተው ይሻላል።

ከፍታም አለ። ብዙዎቹ መመሪያዎች መጨረሻ ገጽ ላይ መሣሪያው የሚሠራው የአካባቢው የአየር ግፊት ከ800 እስከ 1060 ሄክቶፓስካል ሲሆን ነው ይላሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ 770 አካባቢ ነው፤ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። መለኪያ የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት በመሆኑ ከፍታ በራሱ ቁጥሩን ያዛባል ማለት አይደለም፤ አምራቹ ግን ለዚህ ቦታ አልፈረመም። ወሰኑን ወደ 700 ዝቅ ያደረጉ ሞዴሎች ስላሉ፣ ዋጋቸው ተቀራራቢ ከሆነ እነሱን ምረጡ። የትኛውንም ብትገዙ በመጀመሪያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ይዛችሁ ሂዱና በዚያው ክንድ፣ በጥቂት ደቂቃ ልዩነት፣ በእጅ ከሚነፋው ጋር አመሳክሩ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተለክቶ ልዩነቱ ከ5 ነጥብ የማይዘል ከሆነ ይበቃል።

ብርዱ የባሰ ነው። መመሪያው ከ10 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ ጎሕ ሲቀድ የውጪው አየር ከዚያ በታች ይወርዳል። መለኪያውን ሲሚንቶ ወለል ላይ ወይም መስኮት ሥር አታሳድሩት። ክንዱም ጭምር ሲበርደው ደም ሥሩ ይኮማተራል፣ ግፊቱም ከፍ ይላል። ጋቢውን እንደደረባችሁ ተቀመጡ፤ የሚለካውን ክንድ ብቻ አውጡ።

ኃይሉን በተመለከተ አብዛኞቹ አራት ባለ 1.5 ቮልት ቀጭን የባትሪ ድንጋይ ይጠይቃሉ። ርካሹ ድንጋይ ቶሎ ይደክማል፤ ፓምፑ ቀስ እያለ ይነፋል፣ ክንዱ ረጅም ጊዜ ታስሮ ያማል፣ ሰውየው ይጨነቃል፣ ግፊቱም ይጨምራል። «አልካላይን» የሚለውን ግዙ። ከግድግዳ የሚሰካ ከሆነ የራሱ የመሣሪያው አስማሚ ብቻ ይሁን፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ተሰክቶ አይገኝ።

እስካሁን ያልነው ለማንኛውም ገዢ ይሆናል። ቀጣዩ ግን ለቫስኩላይትስ ሕመምተኛ ብቻ የሚነሳ የመሣሪያው ድክመት ነው፦ ማስታወሻው ቁጥሩን እንጂ ክንዱን አይመዘግብም። አንዳንዶቹ ደግሞ በ10 ደቂቃ ውስጥ የተለኩትን የመጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት ንባቦች ራሳቸው አማካይ ያወጡላቸዋል። ቀኝንና ግራን አከታትሎ የለካ ሰው የሁለት ክንድ ቅልቅል ያገኛል፤ ያ ቁጥር የማንም ግፊት አይደለም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለሁለት ተጠቃሚ የሚሆነውን ሞዴል ግዙና «ተጠቃሚ 1»ን ለቀኝ፣ «ተጠቃሚ 2»ን ለግራ አድርጉ። ሰዓቱም የፈረንጅ መሆኑን አትርሱ፤ ድንጋዩ ሲወጣ ሰዓትና ቀኑ የሚጠፋባቸውም አሉ። ስለዚህ ደብተር የግድ ነው።

የሚታመነውን ክንድ መለየት

የመጀመሪያው ሥራ ይሄ ነው፤ መድኃኒት ከመጀመሩም ከመቀየሩም በፊት። ሽንት ሸንታችሁ፣ ቡና ከጠጣችሁ ግማሽ ሰዓት አሳልፋችሁ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ወንበሩ መደገፊያ ያለው ይሁን፤ በርጩማ ላይ ጀርባም አያርፍም፣ ጉልበትም ይታጠፋል። እግር አይነባበር። ሶፋ ፊት ያለው ዝቅተኛ ጠረጴዛ ክንዱን ከልብ በታች ስለሚያወርደው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ወይም ትራስ ደርቡበትና ማሰሪያው ከደረት መካከል ትይዩ ይሁን። ማሰሪያው ባዶ ክንድ ላይ፣ ከክርን መታጠፊያ 2 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ አንድ ጣት በሚያስገባ ጥብቀት ይታሰር። ከዚያ ቀኝ፣ ግራ፣ እንደገና ቀኝ፤ በየመካከሉ አንድ ደቂቃ። ሦስተኛው የሚጨመረው የመጀመሪያው ልኬት በድንጋጤ ከፍ ስለሚል ነው፤ ያለ እሱ ልዩነቱ የክንድ ይሁን የቅደም ተከተል አይለይም።

በላይኛው ቁጥር ከ10 በታች የሆነ ልዩነት ማንም ላይ ይታያል። ከ10 በላይ ሆኖ በተለያየ ቀን ከተደጋገመ ለሐኪም ይነገር። 20ና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ታካያሱ አርተራይትስ ለተባለው የትልልቅ ደም ሥሮች ቫስኩላይትስ የአሜሪካና የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት መመዘኛ ውስጥ ነጥብ የሚያሰጥ ምልክት ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1908 የአንዲት ወጣት የዓይን ደም ሥሮች መለወጣቸውን ካሳየው ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም ከሚኪቶ ታካያሱ ነው፤ «ትርታ አልባው ሕመም» እየተባለም ይጠራል። በብዛት የሚይዘው ከ40 ዓመት በታች ያሉ ሴቶችን ነው፤ ከክንድ ደም ሥሮች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠበው ከግራው የአንገት አጥንት ሥር የሚያልፈው ነው።

ሕጉ አጭር ነው፦ የሚታመነው ከፍ ያለ ቁጥር የሰጠው ክንድ ነው። የጠበበ ደም ሥር ቁጥርን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ቀኝ 164 በ96፣ ግራ 92 በ60 ያላት ሴት ግፊቷ 164 በ96 ነው። የሁለቱን አማካይ ማውጣት፣ ወይም «ግራው ደህና ነው» ብሎ መጽናናት አይቻልም።

ትልቁ አደጋ የሚደርሰው እዚህ ጋ ነው። ይህቺው ሴት ራሷን ሲያዞራት ሰፈሯ ካለ መድኃኒት ቤት ጎራ ትላለች፤ ማሰሪያው ለባለሙያው በሚቀርበው በግራዋ ይታሰራል፤ 92 በ60። «እህቴ፣ ግፊትሽ ወርዷል፤ ጨው ነገር ላሺ፣ ኮካ ጠጪ፣ ኪኒኑንም ለጊዜው ተዪው» ትባላለች። ምክሩ በቅንነት የተሰጠ ነው፤ ቁጥሩም በትክክል የተነበበ ነው። ነገር ግን አንጎሏና ኩላሊቷ 164ን ተሸክመው ነው ጨው የሚጨመርባቸው። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ታካሚ ጤና ካርዱ ላይ በትልቁ «ግፊት በቀኝ ክንድ ብቻ ይለካ» ብሎ (የሚታመነው ግራው ከሆነ ግራ ብሎ) በሐኪሙ ማስጻፍ አለበት።

ሁለቱም ክንዶች ጠበው ሲገኙ የሚታመን ክንድ የለም። ያኔ እግር ይለካል። በጀርባው በተጋደመ ጤነኛ ሰው የቁርጭምጭሚት የላይኛው ቁጥር ከክንዱ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ክንዶቹ 88ና 94 እያሉ ቁርጭምጭሚቱ 170 ካለ የሚዋሹት ክንዶቹ ናቸው። ይህንን በቤት አውቶማቲክ አትሞክሩት፤ አብዛኞቹ ለቁርጭምጭሚት አልተፈተሹም። ጤና ጣቢያ ያለ ነርስ በእጅ በሚነፋው ያደርገዋል፦ ታካሚው 10 ደቂቃ ተጋድሞ ያርፋል፣ ማሰሪያው ከቁርጭምጭሚት በላይ ይታሰራል፣ እግሩ ላይ ያለው ትርታ እስኪጠፋ ይነፋና በዝግታ ሲለቀቅ ትርታው የተመለሰበት ቁጥር ይያዛል። የሚገኘው የላይኛው ቁጥር ብቻ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ግን እሱ ይበቃል። የእግሮቹም ደም ሥር የጠበበ ከሆነ ትክክለኛው ግፊት የሚታወቀው ሆስፒታል ውስጥ ነው።

በእጅ የሚነፋው

ድንጋይ አይበላም፣ መብራት አይጠብቅም፣ ጆሮ ያለው ሰው ከያዘው ደካማ ትርታንም ከአውቶማቲኩ በተሻለ ይይዛል። ጉድለቱ ሰዓቱ ሲወድቅ መዛባቱ ነው። ሳይነፋ መርፌው ዜሮ ላይ ካልቆመ አይገዛም፣ አይታመንም። ማሰሪያውን ጠርሙስ ላይ ጠቅልላችሁ እስከ 200 ንፉትና ቫልቩን ዝጉ፤ በአንድ ደቂቃ ከ4 ነጥብ በላይ ከወረደ ጎማው ወይም ቫልቩ ያፈስሳል። በየስድስት ወሩ ከሌላ ከተረጋገጠ መለኪያ ጋር ይመሳከር።

ግራ የሚያጋቡ ንባቦች

የስህተት ምልክት በአንድ ክንድ ላይ ብቻ የሚደጋገም ከሆነ መሣሪያውን ከመመለሳችሁ በፊት ያንን ክንድ ጠርጥሩ። ሁለት ደቂቃ ጠብቃችሁ በሌላው ለኩ፤ በጣትም የሁለቱን አንጓ ትርታ አስተያዩ። ደጋግሞ ማስነፋት ደም ክንዱ ውስጥ እንዲታቆር ስለሚያደርግ ቀጣዩን ንባብም ያበላሻል። ቀድሞ ይነበብ የነበረ ክንድ በድንገት ማንበብ ካቆመ፣ ክንዱም ልብስ ሲያጥብ ወይም ሊጥ ሲያቦካ ቶሎ የሚዝልና የሚያም ከሆነ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሕመሙ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል።

ግፊቱ በቀናት ውስጥ ከወትሮው አሻቅቦ፣ ሽንቱ አረፋ ከያዘ ወይም የሥጋ እጣቢ ከመሰለ፣ ፊትና እግርም ካበጠ፣ የተነካው ኩላሊት ሊሆን ይችላል። ትንንሽ ደም ሥሮችን የሚያጠቁት ዓይነቶች፣ ጂ.ፒ.ኤ.ና ኤም.ፒ.ኤ. የሚባሉት፣ ኩላሊትን ሕመም ሳያሰሙ ያበላሻሉ። በነጋታው የሽንት ምርመራና ክሪአቲኒን (ኩላሊት እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) አሠሩ፤ ሁለቱንም ቅርብ ያለ ላቦራቶሪ ይሠራቸዋል። እግር ብቻ ካበጠና ሽንቱ ንጹሕ ከሆነ የግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን ራሱ ቁርጭምጭሚት እንደሚያሳብጥ አትርሱ።

ሁለቱም ክንዶች ከፍተኛ ሆነው እግር ደካማ ከሆነ፣ ሲራመዱም ባት የሚይዝ ከሆነ፣ ጥበቱ ዋናው ደም ወሳጅ ላይ ሊሆን ይችላል። የላይኛውና የታችኛው እጅግ ከተራራቁ፣ ለምሳሌ 160 በ50፣ በታካያሱ የልብ መውጫ በር ሊያፈስስ ስለሚችል የልብ አልትራሳውንድ ይጠየቅ።

መድኃኒቶቹም ቁጥሩን ያንቀሳቅሱታል። ፕሬድኒሶሎን ጨውና ውኃ ስለሚይዝ ግፊት ይጨምራል። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወጋው ዲክሎፌናክ ግፊትም ይጨምራል፣ ኩላሊትም ይጎዳል፤ «ትንሽ መርፌ ነው» ተብሎ አይወሰድ። ኢናላፕሪል ጥሩ የግፊት መድኃኒት ነው፤ የሁለቱም ኩላሊቶች ደም ሥር ከጠበበ ግን ቁጥሩ እያማረ ኩላሊቱ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተጨመረ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ክሪአቲኒንና ፖታሲየም ይታዩ።

የሚታመነው ክንድ ራሱ ዝቅ ካለስ? ተቀምጣችሁ ከለካችሁ በኋላ ቆማችሁ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ለኩ። የላይኛው 20 ወይም የታችኛው 10 ከወረደ ወይ ፈሳሽ አንሷል፣ ወይ መድኃኒቱ በዝቷል። ከሦስት ሳምንት በላይ የወሰዱትን ፕሬድኒሶሎን በድንገት ያቋረጡ፣ ወይም በማስመለስ ምክንያት ኪኒኑ ያልዋለላቸው ሰዎች ላይ ግን ይህ ሰውነት በፕሬድኒሶሎኑ ምትክ የራሱን ኮርቲዞል (ግፊትን የሚደግፍ ሆርሞን) በበቂ ሁኔታ አለማምረቱን ሊያመለክት ይችላል፤ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ይኬድ። ለጾም ብሎ ሰዓት መቀየር ከሐኪም ጋር የሚወሰን ነው፤ መዝለል ግን የለም።

180 በ120 ወይም ከዚያ በላይ ካያችሁ አምስት ደቂቃ ተቀምጣችሁ ድገሙት። ካልወረደ፣ ምንም ባይሰማችሁም የዚያኑ ዕለት ሐኪም ይየው። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአፍ መንተባተብ ወይም የአንድ ጎን መዛል ከታከለበት ሁለተኛ ልኬት አትጠብቁ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ለሐኪም የሚቀርበው ገጽ

ከቀጠሮው በፊት ባሉት ሰባት ቀናት ጠዋት መድኃኒት ሳይወሰድና ማታ ከመኝታ በፊት፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በሚታመነው ክንድ ብቻ ለኩ። ደካማውን ክንድ በሳምንት አንድ ቀን ለብቻው መለካት ይበቃል፤ ልዩነቱ እየሰፋ መሄዱን ለማየት። የመጀመሪያውን ቀን ትታችሁ የቀሩትን አማካይ አውጡ፤ በቤት 135 በ85 የደረሰ አማካይ ከፍተኛ ይባላል፣ የእናንተን ግብ ግን ሐኪማችሁ ይወስነዋል። በየመስመሩ ቀን፣ ሰዓት፣ ክንድ፣ ሁለቱ ቁጥሮች፣ የልብ ምት፣ የዕለቱ የፕሬድኒሶሎን መጠን ይጻፍ። ስህተት ያወጣበትንም ቀን «አላነበበም» ብላችሁ ጻፉ፤ ባዶ አትዝለሉት። ከዚያ ገጹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ደብተር ታክሲ ውስጥ ይረሳል።